አራት ደቂቃ ለአንድ ዕጣ፦ የስቴት ሎተሪ ከባንኮኒ ጀርባ ሲታይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ነዳጅ ማደያ ለሦስት ዓመት የማታ ካሸር ነበርኩ። ቡናም፣ ሲጋራም፣ የሞተር ዘይትም እሸጣለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን ሱቁ መልኩን ይቀይራል። የማታው ዕጣ የሚወጣው ያኔ ስለሆነ ሰልፉ እስከ በር ይደርሳል። የታክሲ ሾፌር አለ፣ ከሥራ የወጣች ነርስ አለች፣ ፓርኪንግ የሚሠራ የአገሬ ልጅ አለ። ከጀርባዬ የሚፋቁት ትኬቶች በፕላስቲክ ሣጥን ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሣጥን ቁጥር አለው፤ የጨዋታውን ስም የሚጠራ የለም። «ከአሥራ አራት ሁለት፣ ከሃያ ሁለት አንድ» ነው የሚባለው። ሥጋ ቤት ገብቶ «ከዚህኛው ግማሽ ኪሎ» እንደማለት ነው።

ስለ ሎተሪ ወሬ ሲነሳ የሚወራው ስለ ቢሊዮኑ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ስቴቱን አጥግቦ የሚያሳድረው ያ በዜና የሚመጣው ትልቅ ዕጣ ሳይሆን ትንንሹና ፈጣኑ ጨዋታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገውም እሱን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ግን ከትልቁ ልጀምር፤ ካልጀመርኩ ማንም አያነብልኝም።

ፓወርቦል 2 ዶላር ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ይወጣል። ከ69 ነጭ ኳሶች አምስት፣ ከ26 ቀይ ኳሶች ደግሞ አንድ ይመረጣል። ስድስቱንም የመምታት ዕድል ከ292,201,338 አንድ ነው። የኢትዮጵያን ሕዝብ ሁለት ጊዜ ብትደምሩት እዚህ ቁጥር አይደርስም። እኔ ለደንበኞቼ የማስረዳው በሰከንድ ነበር። ያለፉትን ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር አስቡ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ሰከንድ መርጬ በልቤ ይዣለሁ። የትኛዋ ናት? ተኝታችሁ ያለፈችዋም ልትሆን ትችላለች። ሰው ይስቅና ትኬቱን ይገዛል።

ጨዋታው ድሮ እንዲህ ከባድ አልነበረም። እስከ 2015 ጥቅምት ድረስ ዕድሉ ከ175 ሚሊዮን አንድ ነበር። አዘጋጆቹ አውቀው አከበዱት። ዕጣው ቶሎ ካልደረሰ ገንዘቡ እየተጠራቀመ ያብጣል። ሲያብጥ ዜና ይሆናል። ዜና ሲሆን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሎተሪ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ሳይቀር ይሰለፋል። ስሌቱ ሠራ። ለውጡ ከተደረገ ሦስት ወር ገደማ ብቻ ቆይቶ፣ ጥር 2016 ላይ፣ ጃክፖቱ፣ ማለትም ትልቁ ዕጣ፣ 1.586 ቢሊዮን ዶላር ገባ። ቢሊዮንን የተሻገረ የመጀመሪያው ነው። ኅዳር 2022 ላይ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሸጠ አንድ ትኬት 2.04 ቢሊዮን በላ።

በላ ስል ግን ልብ በሉ። ያ ቁጥር የት/ቤት ክፍያ ይመስል በ30 ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል። «አሁኑኑ ስጡኝ» ላለ ሰው 2.04 ቢሊዮኑ 997.6 ሚሊዮን ነበር። ግማሹ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ላይ የፌዴራል መንግሥቱ ገና ከመነሻው 24 በመቶ ይይዛል፤ ዓመቱ ሲዘጋ የከፍተኛ ገቢ ግብሩ 37 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያ በራሷ ሎተሪ ላይ ግብር አትጥልም። ሜሪላንድ ትጥላለች።

ሌላው ትልቅ ጨዋታ ሜጋ ሚሊዮንስ ነው። ሚያዝያ 2025 ላይ ዋጋው ከ2 ዶላር ወደ 5 ዶላር ዘለለ። ትንንሾቹ ሽልማቶች ከፍ ብለዋል፣ እነሱን በእጥፍ የሚያሳድግ ማባዣም አብሮ ገብቷል፤ ይህን አልክድም። የጃክፖቱ ዕድል ግን ከ302 ሚሊዮን አንድ የነበረው ከ290 ሚሊዮን አንድ ሆነ። ዋጋው ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን ዕድሉ የተሻሻለው አራት በመቶ ገደማ ነው። ኑሮ ተወደደ ስንል ዕድልም ተወደደ።

ለማንም አይደርስም ማለቴ አይደለም። ጥር 2021 ላይ በምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች መሐል ያለች ሎናኮኒንግ የምትባል ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት የነበረች ትንሽ ከተማ ውስጥ የተሸጠ የፓወርቦል ትኬት 731.1 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። የከተማዋ ሕዝብ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቢሆን ነው። ትኬቱን የሸጠው ሱቅ 100 ሺህ ዶላር ጉርሻ አገኘ። የአሸናፊው ስም እስከዛሬ አልተነገረም፤ ሜሪላንድ ስም መደበቅ ትፈቅዳለች። በ2012 የሜጋ ሚሊዮንስ 656 ሚሊዮን ሲወጣ ድርሻቸውን የወሰዱ ሦስት የሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞችም ስማቸው አልወጣም። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ግቢው ሁሉ ያውቀው ነበር።

ወደ ሰልፉ ልመልሳችሁ። ያ ማታ ሁለት ሰዓት የሚረዝመው ሰልፍ ፓወርቦል ፍለጋ የመጣ አይደለም። ፒክ 3 እና ፒክ 4 ነው የሚጫወተው። ሦስት አሃዝ ወይም አራት አሃዝ ትመርጣለህ፤ ቀን አንዴ፣ ማታ አንዴ ይወጣል። ከ2022 ጀምሮ ፒክ 5ም አለ። በቅደም ተከተሉ ልክ ከመታህ «ስትሬት» ይባላል። ቁጥሮቹ ተዘበራርቀው ቢወጡም ይክፈለኝ ካልክ «ቦክስ» ነው፤ ክፍያው ግን ይቀንሳል። በፒክ 3 አንድ ዶላር ስትሬት ብታሸንፍ 500 ዶላር ይከፈልሃል። የመምታት ዕድሉ ከሺህ አንድ ነው። ስሌቱን ልጅ እንኳ ይሠራዋል፤ ከዶላሩ ሃምሳ ሳንቲሙ ለተጫዋቹ ይመለሳል፣ ሃምሳው ይቀራል። ፒክ 4ም ያው ነው። ከአሥር ሺህ አንድ ዕድል፣ 5,000 ዶላር ክፍያ።

የዚህ ጨዋታ ታሪክ ከራሱ ከጨዋታው ይበልጥብኛል። ስቴቶቹ የፈጠሩት አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በኒው ዮርክ፣ በባልቲሞር፣ በዋሽንግተን የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ «ነምበርስ» የሚባል ሕገ ወጥ ጨዋታ ነበር። በሳንቲም ይገባል፤ ሦስት አሃዝ ይመረጣል፤ አሸናፊው ቁጥር ከፈረስ እሽቅድምድም ውጤት ወይም ከባንኮች የዕለት ሒሳብ ይወሰዳል። ቁጥር ሰብሳቢው ቤት ለቤት ይዞራል፣ በዱቤም ያጫውታል። ፖሊስ ሲይዘው ይታሠራል። ሃርለም ውስጥ ክፍያው አንድ ለ600 ነበር። ሜሪላንድ በ1976 ፒክ 3ን ስትጀምር ካነሳቻቸው ምክንያቶች አንዱ ሕገ ወጡን ጨዋታ ማዳከም ነበር። የስቴቱ ክፍያ ግን አንድ ለ500 ነው። ወንጀለኛ የተባለው ሰውዬ ከመንግሥት የተሻለ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

መንግሥት ሲይዘውም ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። በ1980 ሚያዝያ፣ እዚሁ ጎረቤት ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ዕጣውን በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቀው ሰውዬ ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ኳሶቹ ውስጥ ቀለም አስወጋ። ከ4 እና ከ6 በቀር ሁሉም ከብደው ታች ቀሩ። ያን ማታ የወጣው ቁጥር 666 ነበር። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ ከዚህ በላይ አስተያየት አልሰጥም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ላንሳ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሎተሪ ሲባል የሚታየው አዟሪው በእንጨት ሰሌዳ ደርድሮ የሚይዘው ወረቀት ነው። ቁጥሩ ታትሞበታል፤ አንተ ምንም አትመርጥም፤ የሚወጣበትን ቀን ትጠብቃለህ። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1961 ነው፣ በእኛ 1954 መሆኑ ነው። ከአሜሪካ ስቴቶች የመጀመሪያዋ ኒው ሃምፕሸር ትኬት የሸጠችው በ1964 ነው። በዚህ እንኳ ቀድመናቸዋል! ሜሪላንድ በ1973 ስትጀምር የሸጠችው ትኬት ከእኛው ብዙም አይለይም ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም፣ በሳምንት አንዴ የሚወጣ ዕጣ። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ በላይ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ከሳምንት ወደ ቀን፣ ከቀን ወደ ደቂቃ።

ደቂቃው ኬኖ ነው። በሜሪላንድ ከ1993 ጀምሮ አለ። ሱቁ ጥግ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ከ80 ቁጥሮች 20 ያወጣል፤ በአራት ደቂቃ አንድ ጊዜ። በሰዓት አሥራ አምስት ዕጣ መሆኑ ነው። ፓወርቦል አሥራ አምስት ዕጣ ለማውጣት አምስት ሳምንት ይፈጅበታል። አሥር ቁጥር መርጦ አሥሩንም የመምታት ዕድል ከ8,911,711 አንድ ነው፤ ግን ለዚያ ብሎ የሚጫወት አላየሁም። ሰው አራት፣ አምስት ቁጥር ይዞ ቡናውን እየጠጣ ቀና ብሎ ይመለከታል። ሬስትራክስ የሚባለው ደግሞ ከ2006 ጀምሮ አለ። አሥራ ሁለት የኮምፒውተር ፈረሶች ይሮጣሉ። ፈረሱ የለም፣ ሜዳው የለም፣ ጩኸቱ ግን የእውነት ነው። «ሰባት ቁጥር! ሰባት ቁጥር!» እያለ ባንኮኒዬን የሚደበድብ ሽማግሌ ነበረኝ።

የሚፋቀውስ? እሱ ደቂቃም አይጠብቅም። ከአንድ ዶላር ጀምሮ እስከ ሰላሳ ዶላርና ከዚያም በላይ አለ። በሜሪላንድ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚሸጠውም እሱ ነው። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በመቶኛ ካያችሁት የሚፋቀው ከፒክ 3 ይሻላል። እንደ ትኬቱ ዋጋ ከገባው ገንዘብ ከ60 እስከ 80 በመቶው በሽልማት መልክ ይመለሳል። ታዲያ ለምን ይበልጥ ኪስ ያራቁታል?

ከባንኮኒው ጀርባ መልሱ በዓይን ይታያል። ያሸነፈው ገንዘብ ከሱቁ አይወጣም። አንድ ሰው ዓርብ ደሞዙን ተቀብሎ በመቶ ዶላር ትኬት ይገዛል እንበል። በአማካይ 70 ይመለስለታል። 70ውን ኪሱ አይከተውም፤ «በሱ ስጠኝ» ይላል። 49 ይሆናል። እንደገና፣ 34። ከዚያ 24፣ 17፣ 12። ስድስት ዙር ነው፤ ሰዓት ቢያዩ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። በየመሐሉ ደግሞ እያሸነፈ ነው! እጁ ላይ የሳንቲም መፋቂያው፣ ባንኮኒው ላይ ያ ግራጫ ብናኝ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ። ፓወርቦል የሚጫወተው ሰው 2 ዶላሩን አጥቶ እስከ ሰኞ ያርፋል። ዕድሉ የባሰ ቢሆንም ዕረፍት አለው። የሚፋቀው ዕረፍት የለውም። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ ጨዋታውን በስልክ መሸጥ ጀምራለች። ስልክ ላይ ደግሞ «ሱቁ ሊዘጋ ነው» የሚል ካሸር የለም።

መፋቅ ግድ ከሆነባችሁ አንድ ምክር አለኝ። ትልቁ ሽልማት ስንት እንደቀረ ሎተሪው በድረ ገጹ ያወጣል። ትልቁ ዕጣ ወጥቶ ካለቀ በኋላም ትኬቱ ሲሸጥ የኖረባቸው ስቴቶች አሉ። በ2008 አንድ የቨርጂኒያ ፕሮፌሰር በዚሁ ምክንያት የስቴቱን ሎተሪ ከሰው ነበር። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሚሊዮን ካለ ገና አለ፣ ከሌለ የለም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሲፈትሽ ያየሁት ሰው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት አይሞላም።

ሻጩም ሀብታም አይሆንም። ኮሚሽኑ ጥቂት በመቶ ነው። ባለሱቁ የሚፈልገው ሎተሪውን ሊገዛ ገብቶ ቡናና ቺፕስ ይዞ የሚወጣውን ሰው ነው። ካሸሩ ደግሞ በፈረቃው መጨረሻ የሚፋቁትን ትኬቶች ጥቅል ይቆጥራል። አንድ ማታ ስድሳ ዶላር ጎደለብኝ፤ ሁለት የሰላሳ ዶላር ትኬት ሳላስከፍል ሰጥቼ ኖሯል። ከደሞዜ ተቆረጠ። ሎተሪ ተጫውቼ አላውቅም ስል የምዋሸው ለዚህ ነው፤ ያን ማታ ስድሳ ዶላር ተጫውቻለሁ።

ገንዘቡ የት ይገባል? «ለትምህርት ነው» የሚለውን ሁሉም ይላል። እንደ ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ ትርፉን ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንድታውል በሕገ መንግሥቷ ተጽፏል። ጆርጂያ ከ1993 ጀምሮ ሆፕ የሚባለውን የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ትከፍልበታለች፤ አትላንታ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ። በሜሪላንድ ግን አብዛኛው ወደ ስቴቱ ጠቅላላ ካዝና ነው የሚገባው። ከፊሉ ስታዲየም ሠርቷል፤ በ1992 የተከፈተው የባልቲሞሩ የካምደን ያርድስ ሜዳ ከሎተሪ ገንዘብ ነው። በ2023 በጀት ዓመት ሜሪላንድ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትኬት ሸጠች። የስቴቱ ሕዝብ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነው። ሕፃን ሳይቀር ለእያንዳንዱ ሰው ከ400 ዶላር በላይ ይደርሳል። እኔ የማውቃቸው ሕፃናት አይጫወቱም። ከጎልማሳውም የማይጫወት ብዙ አለ። ስለዚህ የሚጫወተው ሰው የሚያወጣው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ከገቢው አንጻር ብዙውን የሚከፍለው ደግሞ ዝቅተኛ ደሞዝ ያለው ነው።

ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ከቆመው ሐበሻ ብዙው በዲቪ የመጣ ነው። ሎተሪ ደርሶት ነው እዚህ የቆመው! ሚሊዮኖች ሞልተው የእሱ ስም ወጥቷል። «ዕድል የሚባል ነገር የለም» ብትለው በአዘኔታ ያይሃል። ልዩነቱ እሱ የመጣበት ዲቪ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ የነበረው ዕጣ መሆኑ ነው። ከመቶዎች አንድ ዕድል ነበር እንጂ ከመቶ ሚሊዮኖች አንድ አልነበረም። ሁለቱም ግን በእኛ ቋንቋ «ሎተሪ» ናቸው። ቃሉ አታሎናል።

ደግሞ ሌላም ዕጣ ይዘን መጥተናል፤ ዕቁብ። ሃያ ሰው በወር 500 ዶላር ቢጥል ዕጣው 10 ሺህ ነው። ሃያውም ሰው ይደርሰዋል። ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ብቻ ነው፤ ይደርሰኛል ወይ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ከመቶው ዶላር መቶው ይመለሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በዕቁብ ታክሲ የገዛ፣ ሬስቶራንት የከፈተ ሰው ሞልቷል። የሚገርመው ያው ዕቁቡን ለአንድ ሳምንት እንኳ የማያዛንፍ ሰው፣ እሑድ ዕቁቡን ጥሎ ሲመለስ እኔ ጋ ጎራ ብሎ ከአሥራ አራት ሁለት ይወስዳል።

ከደንበኞቼ አንዱ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ። በየማታው አንድ ዶላር ፒክ 4፣ ስትሬት፣ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር። አዲስ አበባ ያደጉበት የቀበሌ ቤት ቁጥር ነው። ቤቱ ለልማት ፈርሷል። ቦክስም አይገባላቸው፣ የሚፋቅም አይነኩ። አንድ ማታ ሰልፍ ስላልነበረ ሒሳቡን ሠራሁላቸው።

«ጋሼ፣ በቀን አንዴ እየተጫወቱ ይህ ቁጥር በአማካይ በሃያ ሰባት ዓመት አንዴ ነው የሚመታው» አልኳቸው።

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ሰማንያ ስምንት ዓመቴ ላይ ነዋ!»

«እሱም ከደረሰ ነው፣ ጋሼ።»

«እናቴ ዘጠና ሁለት ገብታለች» አሉና ዶላሯን ባንኮኒው ላይ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ይልቅ ቶሎ በል፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው።»